በቁና ንገረኝ

ጓያ እወዳለሁ። ይህን ጽፌ ማውጣቴ ባልደረቦቼን ደስ እንደማያሰኝ አውቃለሁ፤ ደመወዜን የማገኘው ጓያ ውስጥ ያለውን መርዝ በመለካት ነውና። ቀን ነጭ ጋወን ለብሼ ዱቄቱን በብልቃጥ አሟሟለሁ፣ መሣሪያው የሚያወጣውን ቁጥር እመዘግባለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ በተላከልኝ ሽሮ እራቴን እበላለሁ። ሽሮው ንጹሕ ሽምብራ እንዳልሆነ የላከችው አክስቴም፣ የምበላው እኔም እናውቃለን። ሽምብራው ገበያ ይወጣል፤ ለቤት የሚቀረው ጓያ የተቀየጠበት ነው። በነጭ ሽንኩርቱ፣ በዝንጅብሉና በበሶብላው ተደራጅቶ ሲንተከተክ ግን የሚተካከለው ሽሮ አላገኘሁም።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። በተለይ «ጓያ አትብሉ» የሚል ወረቀት ለገበሬ ሲዘጋጅ ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ሆኜ አንገቴን እነቀንቃለሁ፣ ፊደል እለቅማለሁ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለውንና ወረቀቱ ላይ ያለውን ለማስታረቅ አልሞከርሁም። ፈሪ ነበርሁ። የፈራሁትም መርዙን አልነበረም፤ «እንዲህ ተደርጎ ከተሠራ አይጎዳም» ብዬ አፌን ብከፍት፣ ነገ አንድ ሰው እግሩን ሲይዘው «እገሌ ብሉ ብሎ ነው» መባሉን ነው። አትብሉ ያለ ሰው ተጠያቂ አይሆንም።

ጓያን አላውቀውም የሚል የከተማ አንባቢ ቢኖር፣ ስሙን ሳያውቅ በልቶት ይሆናል። ርካሽ ስለሆነ ሽሮ ውስጥ መግባቱ የቆየ ነገር ነው። በእኛ አገር ክረምቱ ሲወጣ፣ ዋልካው ውሃ እንዳዘለ ይዘራል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም እንደሌሎቹ ጥራጥሬዎች ናይትሮጅን ከአየር ስቦ ለመሬቱ ይተውለታል። ውሃ ቢተኛበት ይችላል፣ ዝናብ ቢቀርበትም ይችላል። ሌላው እህል በድርቅና በበረዶ ሲያልቅ እርሱ ቆሞ ይገኛል። ገለባውን በሬ ይወደዋል። ሲደርስ በእጅ ይነቀላል፤ ነቃዩ ጎንበስ ብሎ ከፊቱ ያለውን ብቻ እያየ ስለሚሄድ፣ አርቆ የማያስበውን ሰው «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» እንለዋለን። በሳይንቲስትም ላይ የሚሠራ ስድብ ነው።

የጓያ ክፋት ከደግነቱ ይመጣል። ሌላው ጠፍቶ እርሱ ብቻ ሲቀር፣ ሰው ለወራት ዋና ምግቡ ያደርገዋል። ያኔ እግር ይይዛል። ሐኪሞች ላቲሪዝም ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ድንገት ነው የሚመጣው፤ ደኅና የዋለ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ከባድ ሥራ ሠርቶ የገባ ሰው፣ የእግሩ ጡንቻ ይገተርበታል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከዚያ ወዲያ በጣቱ እየረገጠ፣ በዱላ እየተደገፈ ይሄዳል፤ የባሰበት በእጁ ይድሃል። አእምሮው አይነካም። እግሩ ግን አይመለስም፤ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን፣ ማለትም አራሹን ነው።

ይህ ለጎንደር አዲስ ወሬ አይደለም። በ1970ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው አንካሳ አድርጓል፤ የዚያ ወረርሽኝ ዘገባ በ1978 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ወጥቷል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት ዞረው ያጠኑት ደግሞ በ1990 ታተመ። ከጋይንት በስተምሥራቅ፣ በደላንታ ዳውንት ከ1995 እስከ 1999 በደረሰው ወረርሽኝ ወደ 2000 ሰው እግሩን ተያዘ። የእኛም ወረዳ በስሙ ተጽፏል። በ1998 ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ፕሮፌሰር ረዳ በእስቴ ገጠር የሚኖሩ የጓያ ሕመምተኞችን የልቡናና የማኅበራዊ ኑሮ ሁኔታ ያጠኑበትን ጽሑፍ አሳተሙ። እኔ ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እስቴ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ሳየው ክፉኛ ደነገጥሁ፤ የማውቃቸው ሰዎች፣ በልጅነቴ ከቤተ ክርስቲያን በር ዱላቸውን አጋድመው የሚቀመጡት፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብተው ነበር። ሐኪም ስለ እግር ብቻ ሳይሆን ስለ ትዳርና ስለ ኑሮ መጠየቁን ያን ቀን ወደድሁት።

መርዙን ሕንዶች ነጥለው ያወጡት በ1964 ነው። ስሙን በምሕጻር ኦዳፕ እንለዋለን። ሕንድ ግን መርዙ ከመታወቁ በፊት፣ በ1961፣ ጓያ እንዳይሸጥ ደንግጋ ነበር። ገበሬው መዝራቱን አላቆመም። ሊያቆም የሚችልበት ምክንያትም አልነበረውም፤ ክልከላው መሬቱንም ዝናቡንም አልለወጠለትም። የስፔኑ ሠዓሊ ጎያ (ስሙ ከእህሉ ጋር የገጠመው እንዲያው በአጋጣሚ ነው) በ1811 እና 1812 የማድሪድ ረኃብ ጊዜ ሰዎች ከጓያ ገንፎ ሲመገቡ የሚያሳይ ሥዕል ትቷል። የሥዕሉ ርእስ ጓያን ያመሰግናል። ባይኖር ኖሮ የሚሞቱ ነበሩና።

አሁን ወደ መካነ ኢየሱስ ልመለስ። አንድ ጊዜ ለገበሬዎች ስለ ጓያ እንድናገር ተጠርቼ ሄድሁ። የአገሬ ልጅ ስለሆንሁ ይሰሙኛል ብዬ ነበር። ሰሙኝም። ኦዳፕ የነርቭ ሴልን እንዴት እንደሚጎዳ ሥዕል አሳየሁ፣ መርዝ የሚለውን ቃል ደጋግሜ አልሁ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ «ዶክተር፣ ቃልህን ሰምተናል። እኔ የምጠይቅህ፣ ወንድሜ እግሩን የተያዘ ጊዜ ከአንድ ሌማት ነበር የምንበላ። መርዝ ከሆነ እኔ እንዴት ቀረሁ?» አሉ።

የተመራማሪ ጥያቄ ነው። ለምን አንዱ ተይዞ ሌላው እንደሚቀር እኛም በሙሉ አልፈታነውም። የበላው መጠን፣ የበላበት መልክ፣ አብሮት የበላው ነገር፣ ዕድሜው፣ ጾታው ይገባበታል። እኔ ግን የመለስሁላቸው «ተጋላጭነት ከሰው ሰው ይለያያል» ብዬ ነው። ሽማግሌው አመስግነው ተቀመጡ። ያ ምስጋና ምን ማለት እንደሆነ የጎንደር ሰው ያውቀዋል።

ከበስተኋላ ደግሞ ሌላው «እንፋሎቱ ነው እንጂ» አለ፤ ብዙ ራስ ተነቀነቀ። በእኛ በኩል ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት፣ ወይም ገለባው ላይ መተኛት፣ ወይም ነቀላ ላይ ላብ ሲያጠምቅ ማሳው ውስጥ መቆየት እግር ይይዛል ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። ጓያው ሲጣድ ከምድጃው የሚርቅ፣ ድስቱ ሲከፈት ፊቱን የሚያዞር አለ። እንፋሎቱን ፈርቶ ንፍሮውን ግን ይበላል። ይህን እምነት በትምህርት ቤት «ኋላ ቀር አመለካከት» ብለን ተምረነዋል። እኔ እንደዚያ ለማለት አፌ አልደፈረም፤ እናቴም ፊቷን ታዞር ነበር።

ማታ አክስቴ ቤት ነበር ያደርሁት። ጓያ በሰፌድ እያበጠረች ነበር፤ የስብሰባው ወሬ ቀድሞኝ ደርሷታል።

«መርዝ ነው አልህ አሉ» አለችኝ።

«አዎ፣ አክስቴ።»

«መርዝ ቢሆን አንተን አላሳድግም ነበር፣ የኔ ጌታ።»

ሳቅሁ፤ እርሷ አልሳቀችም። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አኑራ ቀጠለች። እግር እንደሚይዝ ታውቃለች፤ የተያዙትን ከእኔ ይልቅ ታውቃቸዋለች፤ አብራቸው አርጅታለች። የምትፈልገው ሌላ ነው። ገብስ ስትቀይጥበት ደግ እንደሆነ ከእናቷ ሰምታለች። «ታዲያ ከአንድ ቁና ጓያ ስንት ገብስ ልጨምር? ለልጆቹ ቆሎ ስቆላ ስንት እፍኝ ሲሆን ነው የሚያሰጋ?»

እኔም ስለ መቶኛና ስለ ግራም፣ ስለ ኪሎ ካሎሪም ጀመርሁ።

«መቶኛህን ተወውና በቁና ንገረኝ» አለችኝ።

አልቻልሁም። የማላውቀው ነገር ሆኖ አልነበረም። መልሱ ታትሞ ተቀምጧል፤ በሥራዬም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ለሌላ ተመራማሪ እንጂ ለቁና አስቤው አላውቅም ነበር።

የታተመው ምን ይላል? ኃይለኢየሱስና ባልደረቦቹ በደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ የተያዙትንና ያልተያዙትን አነጻጽረው በ2005 ያወጡት ጥናት፣ ለእኔ ስለ ጓያ ከተጻፈው ሁሉ ለምድጃ የቀረበው ነው። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በጥሬ እሸት መልክ መብላት ከበሽታው ጋር ተያይዞ ተገኘ። በእርሾ የቦካው እንጀራ፣ ቂጣውና ሽሮው ግን አልተያያዙም። ቅመም የገባበት ወጥ አብሮት ሲበላ አደጋው ወደ አራት እጥፍ ያህል ቀነሰ፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ዝም ብለው ጣዕም አልነበሩም ማለት ነው። ከጤፍ፣ ከገብስ፣ ከስንዴ ጋር መቀየጡም ይከላከላል፤ ጓያ የሚጎድለው ድኝ ያለበት የፕሮቲን ክፍል በእነዚህ እህሎች ውስጥ የተሻለ ስላለ። በዚህ ላይ ኦዳፕ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ከፊሉን ይዞት ይሄዳል።

እንዲህ ከሆነ የአክስቴ ሽሮ ጥናቱ ያመሰገነው ምግብ ነው። የተቀየጠ፣ በቅመም የተደራጀ፣ በእንጀራ የሚበላ። የእኛ ወረቀት ግን ሽሮዋንና የእረኛውን እሸት በአንድ ቃል ጨፍልቆ ከልክሏል። የከለከለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ሲመስላት፣ ሽሮው እንዳልጎዳት በዓይኗ ያየች ሴት እሸቱንም አይጎዳም ብትል ምን ይፈረድባታል? ወረቀቱ የተናቀው ሰዎቹ ሳይንሱን ስላልተቀበሉ አይደለም፤ ራሱ ሳይንሱን ስላልያዘ ነው።

ለምን እንደማይዝ ከውስጥ ስለማውቀው ልናገር። እኛ ለራሳችን ስንጽፍ እያንዳንዱን ነገር በሁኔታ እናጥራለን፤ ይህ በዚህ መጠን፣ ይህ በዚህ አኳኋን፣ ይህ ገና አልታወቀም። ለገበሬ ስንጽፍ ያን ሁሉ አጥር እናፈርሰውና አንድ ትእዛዝ እናስቀራለን። «አይገባቸውም» ብለን ነው። ግን ስንት ዓይነት አፈር፣ ስንት ዓይነት ዘር፣ በየትኛው ወር ምን እንደሚሆን በአእምሮው ይዞ የሚያርስ ሰው «ከሆነ» እና «ካልሆነ» የሚገባበት ዓረፍተ ነገር አይገባውም ማለት የእኛው ስንፍና ነው። ፍርሃትም አለበት፤ የእኔን ከላይ ተናግሬዋለሁ።

የአክስቴ የቁና ጥያቄ አላስተኛኝም። በሙያችን የተለመደው መመዘኛ፣ ጓያ ከዕለት ምግብ ሲሶውን ሲያልፍና ያም ለወራት ሲቀጥል ያሰጋል የሚል ነው። ሲሶና እርቦ ደግሞ እስቴ ውስጥ ማንም ሊያስተምረው የማይገባ ሒሳብ ነው፤ እህል ከባለመሬት ጋር በተካፈለ ሁሉ ደም ውስጥ አለ። ስለዚህ ሁለት ቁና እህል ለአንድ ቁና ጓያ ድንበሩ ላይ ያደርሳል። ለአክስቴ ይህን ብነግራት ድንበሩ ላይ ትቆማለች፤ በክፉ ወር ደግሞ ትሻገራለች። መሬቱና ድርቁ የመርዙን መጠን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርጉትም ድንበሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሦስት ለአንድ አልኋት፤ እርቦ። ለምን ሁለት እንዳላልሁ፣ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚያወላውልም ነገርኋት። ስትሰማ ቆይታ፣ «እንዲህ ብትል ኖሮ ሽማግሌው አይቀመጡም ነበር» አለችኝ።

በሌላ ጊዜ ስመለስ አዳራሽ አልፈለግሁም። አዳራሽ የሚመጣው ወንዱ ነው፤ ጓያውን የሚቀይጠው ወንዱ አይደለም። ቅይጡ የሚወሰነው ወፍጮ ቤት ከመኬዱ በፊት ነው፤ የሚወራው ደግሞ እዚያው፣ ተራ ሲጠበቅ። ሞተሩ ስለሚጮህ ድምፅ ይፈጃል፣ ዱቄቱ አፍንጫ ይገባል፣ ሥዕል የሚሰቀልበት ግድግዳ የለም። ግን እያንዳንዷ ሴት የምትናገርበትን ነገር ጆንያዋ ውስጥ ይዛ ቆማለች። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ገባሁ፤ «ከምን ጋር ነው የቀየጣችሁት?» ከዚያ ወዲያ ያስተማርሁት ጥቂት፣ የተማርሁት ብዙ ነው። ዘፍዝፎ ውሃውን የሚደፋ ቤት እንዳለ፣ ይህን የሚያደርጉት ግን መርዙን ብለው ሳይሆን ምሬቱን ብለው እንደሆነ የሰማሁት ከዚያ ነው። በማግሥቱ «ምሬቱን የምታወጡበትን ውሃ ድፉት፣ ከአደጋውም ከፊሉ አብሮ ይሄዳል» ማለት ከነርቭ ሴል ሥዕል ይልቅ ብዙ መንገድ ሄደ።

ስለ እንፋሎቱ ጠየቁኝ፣ እንዴት ይቀራል። እዚህ ላይ የመለስሁትን ሳስበው እስካሁን ልክ ይመስለኛል። እግር የሚይዘው ከከባድ ሥራ፣ ከላብ በኋላ መሆኑን አባቶቻችሁ አይተዋል፤ ያዩትም እውነት ነው፤ ሐኪሞችም ይህንኑ መዝግበዋል። የታየው ግን የተሰበረበት ቀን ነው፤ ጉዳቱ የተጠራቀመው ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት፣ በምግቡ ነው አልኋቸው። እንፋሎቱን ለሚፈራ ፍርሃቱን አልነጠቅሁትም። ፊቱን ማዞሩ አይጎዳውም። ንፍሮውን ሲያነሣ ግን እንዲያስብ ነግሬዋለሁ።

ስለ እረኞቹ ያልተሳካልኝ አለ። እሸት የሚበላው ልጅ ወፍጮ ቤት አይመጣም፣ ወረቀትም አያነብም። ከብት ሲጠብቅ ርቦት፣ ማሳው አጠገቡ ሆኖ፣ ማን ይከለክለዋል? ወጣት ወንዶች የሚበዙበት አንዱ ምክንያት ሜዳ ላይ የሚውል ሰው ምግብ ቆሎ፣ ንፍሮና እሸት ስለሆነ ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ጥርጣሬ ነው። እናቶች ሲነግሩት እንደ ቁጣ ይሰማዋል። ታላላቅ እረኞች ቢነግሩትስ? እስካሁን አላገኘሁበትም።

ለገበሬ እንዴት መናገር እንደሚገባ ስጨነቅ ብዙ ያስተማረኝ የጓያ ሰው አይደለም፤ የደን ሰው ነው። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት እንጨታማ ተክሎች መዝግቧል። ጥናቶቹ ለእኛ ዓይነቱ አንባቢ የሚከብዱ አልነበሩም፤ የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ አይቆይም፣ ስለዚህ ደኑ አንዴ ከጠፋ ከአፈሩ ራሱ አይበቅልም፤ ከብት ሲከለከል ደግሞ ቡቃያው ይነሣል። ከአሜሪካዊቷ የደን ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ ካህናቱን ሲያነጋግር ግን ከሰማይ የተነሡ ፎቶዎችን አሳዩአቸው። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አረንጓዴው ክብ ምን ያህል እንደቀረና ዙሪያው ሁሉ እርሻ እንደሆነ በዓይን ይታያል። የአጸዱን እያንዳንዱን ወይራና ጥድ የሚያውቁት ካህናት፣ ከላይ ሆነው ግን አይተውት አያውቁም ነበር። ከዚያ የመጣው ሥራ የድንጋይ ካብ ነው። ካቡ ከብት ያስቀራል፣ ድንጋዩም ከገበሬው ማሳ ይለቀማል፤ ማሳው ይጸዳለታል። እኔን የመታኝ ፎቶው አይደለም፤ ፎቶ ማንም ያሳያል። ለሰሚው የሰጡት ሥራ በእጁ የሚሠራ፣ በአገሩ ባለ ነገር የሚሠራ፣ የጎረቤቱንም ጥቅም የማይነካ መሆኑ ነው። «ደን ጠብቁ» ብለው ቢሄዱ ኖሮ ካህናቱ ባርከው ይሸኟቸው ነበር።

አክሊሉ ለማም አለ፣ ማንም ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ሳያነሣው የማያልፍ። በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ የእንዶድ ምርምሩ ሁሉ የተነሣው ከዚያ ነው። ታሪኩን የምንተርከው ስለ እርሱ ብልኅነት ነው። አጣቢዎቹ ወንዙ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንዶድ ሲደፉ እንደኖሩ፣ ስንት ጊዜ ቀንድ አውጣ ሲንሳፈፍ እንዳዩ ማን ጠይቋቸው ያውቃል? እኔ ወፍጮ ቤት ስቆም ይህ ይመጣብኛል።

ባልደረቦቼ ዘንድ ተቃውሞ አላጣሁም። አንዱ፣ የምወደው ሰው፣ «አንተ ሰው መርዝ በልኩ እንዲበላ እያስተማርህ ነው» አለኝ። እየበሉት ነው አልሁት። አልረካም፤ እኔም በአንድ በኩል እውነት እንዳለው አውቃለሁ። ልኩ የሚያወላውል ነገር ላይ ልክ መናገር ያስፈራል። እርሱ ተስፋ የሚያደርገው በዘሩ ነው። በአገራችን ለገበሬ የወጣው «ዋሴ» የተባለ ጓያ መርዙ አነስተኛ ነው። ጥሩ ነው፤ እኔም ዘሩን ለገበሬ አሳይቻለሁ። ሳሳየው ግን «መርዝ የሌለው» አላልሁም። ንብ ከጎረቤት ማሳ አበባ ያዳቅለዋል፣ ድርቅና የደከመ አፈርም መርዙን ይጨምሩበታል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዘሩ የነበረው ላይሆን ይችላል። ይህን አስቀድመን ካልነገርነው፣ ከዘሩ ጋር የእኛም ቃል ይደባለቅበታል። ባልደረባዬ «ይህን ሁሉ ካልህ ማን ይዘራዋል?» ይለኛል። ገበሬ ሙሉ ዋስትና ያለው ነገር ዘርቶ አያውቅም።

ሦስት ለአንዱ የማይሠራበት ዓመት አለ። ገብሱ በረዶ ሲመታው፣ ስንዴው ሲቀር፣ ሦስቱ ቁና ከየት ይመጣል? ያኔ ወፍጮ ቤት ቆሜ «እህል ጨምሩበት» ብል መሳለቅ ይሆናል። ኃይለኢየሱስና ባልደረቦቹ በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የጻፉት በዚሁ ነገር ነው፤ በረኃብ ጊዜ የሚሰጠው እርዳታ እህል ሆኖ ከጓያው ጋር ሲቀየጥ በሽታውን ይቀንሳል። ይህን ሊሰማ የሚገባው ሰው ጋቢ አይለብስም። እህል የሚመድብ፣ ዝርዝር የሚያጸድቅ፣ መኪና የሚልክ ነው። እግር የሚያዘው ጓያ ለወራት ብቻውን ከተበላ በኋላ ስለሆነ፣ ሌላው አዝመራ መጥፋቱ ከታወቀበት ቀን እስከ በሽታው ድረስ ጊዜ አለ። የመጋዘኑ እህል በዚያ ጊዜ ውስጥ ከደረሰ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ካለፈ የሚደርሰው ለዱላ ያዥ ነው።

ይህን በቅርቡ ለአንድ ኃላፊ ለማስረዳት ቢሮው ገባሁ። ስለ ሽሮና ስለ ቁና ልነግረው አልጀመርሁም፣ ስለ ነርቭ ሴልም። ጓያ ብቻ የቀረባቸውን ቀበሌዎች ከአዝመራ ግምቱ ላይ መለየት እንደሚቻል፣ ለእነርሱ እህሉ ከሌላው ቀድሞ መሄድ እንዳለበት ነገርሁት። ብዕሩን አነሣና፣ «በቤተሰብ ስንት ኩንታል? እስከ ስንት ወር?» አለኝ። የቤተሰቡ ብዛት፣ የተረፈው ጓያ፣ የቅይጡ ልክ፣ የመንገዱ ርቀት ይገባበታል፤ ስሌቱን ሠርቼ፣ የሚያወላውለውንም ቁጥር ምልክት አድርጌበት፣ ሰኞ አመጣልሃለሁ አልሁት።